"አይሠራም" ብቻ ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራመር አትላኩልን፦ ለኮዲንግ ማሠልጠኛ ተቋማት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለኮዲንግ ማሠልጠኛ ተቋማት ኃላፊዎች፣ ለአሠልጣኞችና ሥርዓተ ትምህርት ለምታዘጋጁ ሁሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን የምንጽፍላችሁ ከእናንተ ዘንድ የሚመረቁ ልጆችን ለልምምድ የምንቀበል ፕሮግራመሮች ነን። ኢንተርን ሲመጣ አጠገቡ የሚቀመጠው፣ ኮዱን የሚያየው፣ ሲቸገር የሚጠየቀው ከእኛ አንዱ ነው። ስለዚህ እናንተ ስብሰባ ላይ የምትወስኑት ነገር ዞሮ ዞሮ እኛ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው።

ለመጻፍ ያነሳሳን አንድ ውሳኔ ነው። ልጆች ከሚልኩልን ተቋማት አንዱ (ስሙን አናነሳም) ሥልጠናውን ለማሳጠር ሲል ዲባጊንግ የሚባለውን ክፍል ጨርሶ አውጥቶታል። ኤረር (ፕሮግራም ሲሰናከል የሚወጣው የስህተት መልእክት) እንዴት ይነበባል፣ ስህተት እንዴት ይፈለጋል፣ ባግ (ፕሮግራም ውስጥ ያለ ስህተት) ሲገኝ ለማን በምን መልኩ ይነገራል የሚለው ሁሉ ቀረ። በምትኩ አንድ ተጨማሪ ፍሬምወርክ (ተዘጋጅቶ የቀረበ የኮድ ማዕቀፍ) ገባ። ለምን ብለን ስንጠይቅ "እሱን ሥራ ላይ ይማሩታል" ተባልን። ሌሎቻችሁም ብትሆኑ ክፍሉን ወረቀት ላይ ይዛችሁ ወደ መጨረሻው ሳምንት ትገፉታላችሁ፣ የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ በምረቃ ዝግጅት ያልቃል። ደብዳቤው ለሁላችሁም የሆነው ለዚህ ነው።

"ሥራ ላይ ይማሩታል" ማለት "እናንተ አስተምሯቸው" ማለት ነው። ማስተማር አልጠላንም። ችግሩ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን አለመምጣታቸው ነው። የተሳሳተ ልማድ ይዘው ነው የሚመጡት። አንድ ነገር ሲበላሽ ወይ "እኔ አልረባም" ይላሉ፣ ወይ "ቋንቋው ባግ አለው" ይላሉ። ጥፋቱ የኔ ኮድ ነው? የማሽኑ አሠራር ነው? ወይስ እውነትም የቋንቋው? ብሎ ለይቶ መጠየቅ የሚባል ነገር አያውቁም። ቅሬታችን ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ከነምሳሌው እንዘርዝረው።

አንደኛው "አይሠራም" የሚለው መልእክት ነው። ልጆቹ ሲቸገሩ የሚልኩት ይህንን ብቻ ነው። ሲበዛ "ሰላም፣ ኮዴ አይሠራም፣ እባክህ ቶሎ" ይሆናል። ከዚያ በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ይከተላል። ግማሹ ነጸብራቅ ነው፣ የተቆረጠው ደግሞ ሁልጊዜ የምንፈልገው መስመር ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ኤረር ሲወጣ ዋናው ነገር ያለው መጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ የስህተቱ ዓይነትና ምክንያቱ እዚያ ተጽፏል፣ ከሱ ከፍ ብሎ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር አለ። ጃቫ በሚባለው ሌላ ቋንቋ ላይ ግን ስህተቱ ከላይ ይጀምራል፣ አንዱ ስህተት ሌላውን አስከትሎ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ የሚገኘው በዝርዝሩ የመጨረሻው ምክንያት ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ማንም ግን አልነገራቸውም። ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ሳያነቡት ስክሪኑን ያጸዱታል።

እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ነው የሚል መልስ ሰምተናል። በከፊል ልክ ነው። ነገር ግን ጀማሪ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ኤረር ጥቂት ነው፦ ስሙ አይታወቅም፣ ዓይነቱ አይገጥምም፣ ቁልፉ የለም፣ ፋይሉ አልተገኘም፣ ቁጥሩ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። እነዚህን በአማርኛ የሚያብራራ አንድ ገጽ አዘጋጅቶ መስጠት ያን ያህል ሥራ ነው እንዴ?

ሁለተኛው በጣም ያናደደን ነው፤ ትንሽ እንቆይበታለን። "ፓይተን አማርኛ አይችልም" የሚለው ነገር። ይህን ያለው ተማሪ ቢሆን ባልጻፍን። ያለው አሠልጣኝ ነው።

አንዲት ተለማማጃችን ለመመረቂያዋ የክሊኒክ ቀጠሮ መመዝገቢያ ሠርታ ነበር። የታካሚዎቹን ስም በአማርኛ ፋይል ላይ ልትጽፍ ስትል ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ኤረሩ ውስጥ "ቻርማፕ" የሚል ቃል አለ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ሲፒ1252 የሚባል ፋይል ስም ይታያል። መልሱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበር። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ኢንኮዲንጉን (ፊደላት ወደ ቁጥር የሚለወጡበትን ሥርዓት) ካልነገሩት የማሽኑን ነባር ኮድ ገጽ፣ ማለትም የፊደል ሰንጠረዥ፣ ይወስዳል። ብዙ ማሽን ላይ ያ ሲፒ1252 ነው፣ እሱ ደግሞ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን እንጂ "ሀ"ን አያውቅም። መፍትሔው ፋይሉ ሲከፈት ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ነው ብሎ መጻፍ ነው። በቃ።

አሠልጣኙ ግን ኤረሩን ሳያነብ "ቋንቋው አማርኛ አይደግፍም፣ በላቲን ጻፊው" አላት። ጻፈችው። ከዚያ አንዱ ጸጋዬ በተለያየ የላቲን አጻጻፍ እየገባ እንደ ተለያየ ሰው ተመዘገበ፣ ቀጠሮውም ተበታተነ። ልጅቷ እኛ ዘንድ ስትመጣ ይህንን እንደ እውቀት ይዛው ነበር የመጣችው፤ ለሌሎች ኢንተርኖችም ስታስረዳ ሰምተናል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ቁጥር የተሰጣቸው የጋራ መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በቨርዥን 3.0 ነው። ፓይተን 3 በ2008 ከወጣበት ቀን ጀምሮ ጽሑፍን የሚይዘው በዩኒኮድ ነው። የቫሪያብል ስም እንኳ በአማርኛ መስጠት ይቻላል፤ ዕድሜ፣ ቀጠሮ፣ ክፍያ ብላችሁ ሞክሩት፣ ይሠራል። (ቡድን ውስጥ አድርጉት አላልንም።)

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኢንኮዲንጉን ካስተካከለች በኋላ ፋይሉን በኤክሴል ስትከፍተው የተዝረከረከ የላቲን ምልክት ወጣ። "አላልኩም? አይችልም" አለች። ያንኑ ፋይል በኖትፓድ ክፈቺው አልናት። አማርኛው ቁጭ ብሏል። ይህች አንዲት ፍተሻ ጥፋቱ ፓይተን ላይ አለመሆኑን ትለያለች። ኤክሴል የሲኤስቪ ፋይል (በነጠላ ሰረዝ የተለያየ ሰንጠረዥ) በቀጥታ ሲከፍት ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ካላገኘ በራሱ ግምት ሊያነበው ይችላል። ያንን ምልክት የሚጨምር ኢንኮዲንግ ፓይተን ውስጥ አለ፣ ዩቲኤፍ-8-ሲግ ይባላል። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ፣ አንድ ስም ግን ተሰጥቷቸው ነበር፦ "አማርኛ አይችልም"።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ ቋንቋው ላይ ምንም ጥፋት የለም አንልም። ይህ የዊንዶውስ ነባር አሠራር ብዙ ሰው እንደሚያስቸግር የፓይተን አዘጋጆች ራሳቸው ተቀብለው ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 መደበኛው እንዲሆን ወስነዋል። እንዲህ ያለው ለውጥ የሚመጣው "እዚህ ቦታ፣ በዚህ ማሽን፣ ይህ ሆነብኝ" ብሎ በሥርዓት የሚናገር ሰው ሲኖር ነው። "አይችልም" ብሎ በላቲን መጻፍ የጀመረ ሰው ማንንም አይቀይርም።

ሦስተኛ፣ የላብ ማሽኖቻችሁ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ አላችሁ። እሱ ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ 3.9 ዊንዶውስ 7ን አይቀበልም። የ3.8 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 አብቅቷል። ልጁ ከኢንተርኔት ባወረደው ቪዲዮ "ማች" የሚባለውን ትእዛዝ ያያል፣ ላብ ገብቶ ይሞክረዋል፣ ሲንታክስ ኤረር ይወጣበታል። ያው ቪዲዮው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጽፎታል። ማች የገባው በ3.10 እንደሆነ፣ መጀመሪያ ማየት ያለበትም ቨርዥኑን እንደሆነ የነገረው የለም። ማታውን ሙሉ ኮዱን ሲያፈርስና ሲሠራ ያድራል።

አሮጌ ቨርዥን በሌላም መንገድ ይጎዳቸዋል። ከ3.10 በፊት አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር ፓይተን ብዙ ጊዜ ቀጣዩን መስመር ጠቁሞ "ሲንታክሱ ልክ አይደለም" ብቻ ይል ነበር። ከ3.10 ወዲህ ግን ያልተዘጋውን ቅንፍ ራሱን ያሳያል። 3.11 ደግሞ ከመስመሩ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ከሥሩ ያሰምርበታል። ማለትም አዲሱ ቨርዥን ለጀማሪ ግማሽ አስተማሪ ነው፣ እናንተ ግን ልጆቹን ከአሮጌው ጋር አስቀምጣችኋቸዋል። ማሽን መቀየር ብር እንደሚጠይቅ ይገባናል። ግን ዊንዶውስ 10 ያለባቸው ላቦች ላይም አሮጌው ተጭኖ ነው ያየነው፣ የአዲሱ መጫኛ ደግሞ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው።

አራተኛው አጭር ነው፤ ስናየው የሳቅንበትም ነው። የአንድ ተቋም የልምምድ ወረቀት ተማሪዎች የዕጣ ፕሮግራም እንዲሠሩ ያዝና "ፋይሉን ራንደም ብላችሁ ሴቭ አድርጉ" ይላል። ራንደም የፓይተን የራሱ ሞጁል (አብሮት የሚመጣ ዝግጁ ኮድ) ስም ነው። ልጁ ራንደምን ኢምፖርት ሲያደርግ ፓይተን መጀመሪያ የሚያገኘው የልጁን ፋይል ነው፣ ፋይሉ ራሱን ይጠራል፣ ከዚያ "ራንደም ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር የለም" ይላል። ክፍሉ በሙሉ ያንኑ ኤረር አግኝቶ ክፍሉ በሙሉ ፓይተኑ ተበላሽቷል ብሎ እንደገና ጭኗል። ፓይተን 3.13 ይህ ሲሆን "ፋይልህ ከመደበኛው ሞጁል ጋር ተመሳሳይ ስም ስላለው ቀይረው" ብሎ ይመክራል። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አስነስቶ አልሞከረውም።

አምስተኛው የሂሳብ ነገር ነው። ቋንቋው መደመር አይችልም የሚል ክስ በየጊዜው ይደርሰናል። 0.1 እና 0.2 ሲደመር 0.30000000000000004 ይላል፣ ባግ ነው፣ ይላሉ። ይህኛው ዝነኛ ስለሆነ አንዳንዶቹ ሰምተውታል። ወደ ብር ሲመጣ ግን ይረሱታል። የ100 ብር ዕቃ ላይ 15 በመቶ ቫት ልጨምር ብሎ ልጁ 1.15ን በ100 ያባዛል። ፓይተን 114.99999999999999 ይላል። ያንን ወደ ሙሉ ቁጥር ሲለውጠው 114 ይሆናል። አንድ ብር ጠፋ! ልጁ የሚያደርገው ምንድን ነው? መጨረሻው ላይ አንድ ይጨምራል። እውነታችንን ነው፣ "ፕላስ አንድ" ብሎ የጻፈ ኮድ አይተናል። ሌላ ዕቃ ላይ ደግሞ ያ አንድ ብር ትርፍ ሆኖ ይመጣል።

ኮምፒውተሩ ቁጥሩን የሚይዘው በሁለት ቤት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ነው፣ 1.15 ደግሞ በዚያ አያያዝ ልክ ሆኖ አይቀመጥም፣ ትንሽ ይጎድላል። ጃቫስክሪፕት ላይ ብትሞክሩት ያንኑ 114.99999999999999 ታገኛላችሁ። ይህም ራሱ አንድ የመመርመሪያ ዘዴ ነው፦ በሌላ ቋንቋ ሞክረው፣ ያው ከመጣ የፓይተን ባግ ብለህ ለመጻፍ አትቸኩል። ገንዘብ ከሆነ በሳንቲም ሙሉ ቁጥር አድርጎ መያዝ ወይም ዴሲማል የሚባለውን ሞጁል መጠቀም ነው። በዚያው ላይ የፓይተን ራውንድ 2.5ን ወደ 2፣ 3.5ን ደግሞ ወደ 4 እንደሚያጠጋ፣ ይህም ታስቦበት የተደረገ እንደሆነ ዶክመንቴሽኑ ላይ ተጽፏል። እኩል መሐል ላይ ሲሆን ወደ ተጋማሹ ቁጥር ይሄዳል። ደመወዝ የሚያሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ ከሒሳብ ሹሟ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የራሳችን ጉዳይ አለ። አንድ ልጅ የግዕዝ ቁጥር የሚቀበል የባሕረ ሐሳብ አፕ ሲሠራ ግራ ተጋብቶ መጣ። "፩" ቁጥር ነው ወይ ብሎ በ"ኢዝዲጂት" ፓይተንን ሲጠይቀው "አዎ" ይለዋል። ወደ ኢንቲጀር ቀይርልኝ ሲለው "አልችልም" ይለዋል። "፲" ቁጥር ነው ወይ ሲለው ደግሞ "አይደለም" ይላል። ይህ ልጅ በእውነት የሚያስመሰግን ነገር ነው ያገኘው፤ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ጥያቄም ነው። መልሱ ያለው ዩኒኮድ ውስጥ ነው። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት "ዲጂት" ተብለው ተመዝግበዋል፣ ግን እንደ 0 እስከ 9 በቦታ ዋጋ የሚደረደሩ አይደሉም፣ ግዕዝ ዜሮ የለውምና። ፳፭ ስንል ሃያና አምስት ነው፣ ሁለት ቦታ ያለው ቁጥር አይደለም። ፲ና ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ "ኑሜሪክ" ብቻ ናቸው። ወደ ኢንቲጀር ይቀየራል ወይ የሚለውን ለማወቅ "ኢዝዴሲማል" ነው መጠየቅ ያለበት። ባግ አይደለም። ግን ልጁ ሦስቱን ጥያቄና ሦስቱን መልስ ለይቶ ጽፎ ስላመጣ ወዲያው ተገኘ። "የግዕዝ ቁጥር አይሠራም" ብሎ ቢመጣ ኖሮ እስካሁንም እንፈልግ ነበር።

በዚሁ መንገድ "ፀሐይ" ተብሎ የተመዘገበውን ሰው "ጸሐይ" ብሎ ሲፈልጉ አይገኝም። እኩልነት ማመሳከሪያው ተበላሽቷል ብለው የጻፉልን አሉ። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ዩኒኮድም አንድ አያደርጋቸውም፣ ማቀራረቡ የፕሮግራመሩ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራግኛ ጽሕፈት የተጨመሩት ፊደላት ደግሞ ጃቫስክሪፕት ላይ ርዝመታቸው ሲለካ እያንዳንዳቸው ሁለት ተብለው ይቆጠራሉ፤ ማይኤስኪውኤል የሚባለው የመረጃ ቋት አሮጌው ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ጨርሶ አይቀበላቸውም፣ ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 (ዩቲኤፍ8ኤምቢ4) ማዘዝ ያስፈልጋል። እነዚህን ችግሮች ሌላ አገር ያለ ሰው ብዙም አያገኛቸውም። ፊደሉን የሚጽፈው የእኛ ልጅ ነው የሚያገኛቸው፣ እሱ ደግሞ እንዴት እንደሚናገር አልተማረም።

ስድስተኛው ቅሬታ ከሁሉም የከፋ ነው። ኤረር ስላሳየ ነጥብ ትቀንሳላችሁ።

ፕሮጀክት ሲቀርብ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ከታየ ይህን ያህል ነጥብ ይቀነሳል የሚል መመዘኛ ያላችሁ አላችሁ። ልጆቹ ሞኝ አይደሉም። ኮዳቸውን ከላይ እስከ ታች ትራይ ውስጥ ያስገቡትና ኤክሴፕቱ ላይ "ፓስ" ብለው ይጽፋሉ። ማለትም ምን ቢበላሽ ዝም በል። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ነጥብ ሙሉ። ያንን ልማድ ይዘው ሥራ ይገባሉ። የአንድ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ላይ እንዲህ ሆኖ የተወሰነ ሽያጭ ሳይመዘገብ እየቀረ መሆኑ የታወቀው ባለ ሱቁ በእጁ ደብተር ሲያመሳክር ነው። ፕሮግራሙ ቆሞ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይገኝ ነበር። ኤረር ጠላት እንዳልሆነ ያላስተማረ ሥልጠና ያመረተው ነገር ይህን ነው። ክፍል ውስጥም ቢሆን አንዱ ኤረር ሲወጣበት የሚመጣው ጥያቄ "ማን አበላሸው?" ነው፣ "ምን ሆነ?" አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን እንምጣ። "ቋንቋው ባግ የለውም፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ ያንተ ነው" የሚሉ አሠልጣኞችም አሉ። ይህም ልክ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእኛ ኮድ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የጃቫ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ያለው የባይነሪ ሰርች ኮድ (የተደረደረ ዝርዝርን ግማሽ በግማሽ እየከፈለ የሚፈልግ) ለዘጠኝ ዓመት ያህል ባግ ይዞ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረገው ራሱ ኮዱን የጻፈው ጆሹዋ ብሎክ ነው። መሐሉን ለማግኘት ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቦታ ይደምርና ለሁለት ያካፍል ነበር፤ ዝርዝሩ በጣም ግዙፍ ሲሆን ድምሩ ከ2,147,483,647 ያልፍና ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። ስንት ሊቅ አይቶት ያለፈው መስመር ነው።

በ2011 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፒኤችፒ የሚባለው ቋንቋ አንድ የተወሰነ ቁጥር ሲሰጠው በ32 ቢት ማሽኖች ላይ ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ እንደሚገባ ተደረሰበት። ቁጥሩ 2.2250738585072011 ተባዝቶ በ10 ኔጌቲቭ 308ኛ ፓወር ነው። ብዙም ሳይቆይ ጃቫም ተመሳሳይ ሕመም እንዳለበት ታወቀ፣ የሱ ቁጥር የመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ የተለየች ናት፣ በ1 ፈንታ 2 ናት። ይህን ቁጥር ወደ ሰርቨር የላከ ሰው ሰርቨሩን ማንጠልጠል ይችል ነበር። ለፒኤችፒ ማስተካከያው በቀናት ውስጥ ወጣ። ለምን ፈጠነ? ሪፖርቱ በአንድ መስመር ኮድ የሚደገም ስለነበር ነው። ይህን ቁጥር ስጠው፣ ይቆማል፤ በቃ። የልጆቻችሁ ሪፖርት ግን አንድ ሺህ መስመር ኮድ በዚፕ ታስሮ "እዩልኝ" የሚል ነው። ኮዱን ግማሽ በግማሽ እየቆረጡ ችግሩ ያለበት ብቻ እስኪቀር ማሳነስ የሚባለውን ሥራ የሚያውቅ ኢንተርን ሲመጣ እኛ በዓል ነው የምናደርገው። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሲያሳንሰው ጥፋቱን ራሱ ያገኘዋል፣ ሪፖርትም አያስፈልግም።

ሪፖርት የሚደረግበት ቦታም የታወቀ ነው። ፓይተን ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ የባግ መዝገቡን ጊትሃብ ወደሚባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ አዛውሯል፣ ለማንም ክፍት ነው። የደኅንነት ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ አደባባይ ላይ አይለጠፍም፣ ለደኅንነት ቡድኑ በግል ነው የሚላከው። ይህን የሚያውቅ ተመራቂ ከእናንተ ዘንድ ሲመጣ አላየንም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከተጀመረ ወዲህ ኮድ መጻፍ የሚጀምረው ሰው በዝቷል፣ ደስ ይላል። ግን ይህ ሁሉ ሰው ችግር ሲያገኝ "አይሠራም" ብሎ የሚያቆም ከሆነ ለፊደላችንና ለአሠራራችን የሚቆረቆር ሪፖርት ማን ይጽፋል?

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ያወጣችሁትን የዲባጊንግ ክፍል መልሱ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሳይሆን ከፍሬምወርኩ በፊት ይሁን፤ ሰዓት ካጠረ ፍሬምወርኩን እኛ እናስተምራለን፣ እሱ ነው ሥራ ላይ የሚለመደው።

እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ የባግ ሪፖርት ጽፎ ይመዘን። ቨርዥኑ ስንት ነው፣ ማሽኑ ምንድን ነው፣ ችግሩን የሚያሳየው አጭሩ ኮድ የቱ ነው፣ ምን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ምን መጣ። ኤረሩ በጽሑፍ ተገልብጦ እንጂ በፎቶ አይሁን። መጀመሪያ በአማርኛ ይጻፈው፣ ነገሩ ከጠራለት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ሲተረጉም የሚሳሳተው ሰዋስው ማንንም አያስቸግርም፣ የጎደለ ቨርዥን ግን ያስቸግራል።

ኤረር ታየ ብላችሁ ነጥብ አትቀንሱ። መቀነስ ካለባችሁ ኤረሩን የደበቀው ላይ ቀንሱ።

የልምምድ ወረቀቶቻችሁን ለተማሪ ከመስጠታችሁ በፊት ላቡ ውስጥ ባለው ማሽን ላይ አስነስታችሁ ሞክሩ። መጫን የሚቻልበት ማሽን ላይ ድጋፍ ያለውን ቨርዥን ጫኑ፣ የማይቻልበት ላይ ቢያንስ የትኛው ቨርዥን እንዳለ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ ልጁ ቪዲዮው ለምን እንዳልሠራለት ያውቃል።

አሠልጣኞቻችሁም ያላወቁትን ነገር "ቋንቋው አይችልም" ብለው እንዳይዘጉት ንገሯቸው። "አላውቅም፣ አብረን እንፈትሽ" ማለት አያሳፍርም። ለዚያች ልጅ በላቲን ጻፊ ያላት ሰው ኤረሩን አንድ ጊዜ ቢያነበው ኖሮ የክሊኒኩ መዝገብ ዛሬ ዳግመኛ ባልተሠራ ነበር።

እኛም ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ከኮዳችን ያጠራቀምናቸው እውነተኛ ኤረሮች አሉ፣ የሰዎቹንና የድርጅቶቹን መረጃ አውጥተን ለልምምድ የሚሆን ስብስብ አድርገን እንሰጣችኋለን። ፈቃደኛ ለሆነ ተቋም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተን ክፍሉን አብረን ለማስተማር ዝግጁ ነን፣ ክፍያ አንጠይቅም። ፕሮጀክተርና መብራት ካለ ይበቃል። የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ተለማማጆችን የምንቀበልና የምናሠለጥን ፕሮግራመሮች
አዲስ አበባ